ከኳሱ በፊት ሜትሩ

ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለቁመታቸው ሲባል ለስፖርት የሚመለመሉ ልጆች አስቀድመው እንዲታዩ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ባለፈው ማክሰኞ ልጄ ከትምህርት ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ መጣ። «ልጅዎ ባለው ተክለ ሰውነት ለታዳጊዎች የቅርጫት ኳስ ፕሮጀክት የተመረጠ ስለሆነ ፈቃድዎን በፊርማዎ እንዲያረጋግጡልን» ይላል። ልጄ 12 ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ74። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቦርሳውን ሳያወርድ ፊት ፊቴን ያየኝ ጀመር። አንብቤ አጠፍኩት፤ ቡፌው ላይ ከስኳር ዕቃው ስር አኖርኩት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። አልተፈረመም።

መምህሩን አልወቅሳቸውም። ረጅም ልጅ ፈለጉ፣ ረጅም ልጅ አገኙ። እኔንም በ1988 ዓ.ም. ለመረብ ኳስ የመረጡኝ እንዲሁ ቆሜ ታይቼ ነው። የሁለታችንንም ቁመት የሰጠን ግን ማርፋን ሲንድረም የሚባል፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ በሽታ ነው። መምህሩ ሳያውቁት የመረጡት በሽታውን ነው፤ ከክፍሉ ሁሉ ያንን ልጅ ነጥሎ ያሳያቸውም እሱ ነው።

ነገሬን ከሁሉ ቀድሞ ያወቀው ሐኪም አልነበረም፤ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው። ሰባተኛ ክፍል ልገባ ስል እናቴ ዩኒፎርም ልታሰፋልኝ ወሰደችኝ። ከሲንጀሩ ተነስቶ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ትከሻዬን ለካ፣ ወገቤን ለካ። እጅጌ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ደግሞ ለካ። ከዚያ «ክንድሽን እንደ መስቀል ዘርጊ እስቲ» አለኝና ከመሃል ጣት እስከ መሃል ጣት ሄደ፤ ቀጥሎ ግድግዳ አስደግፎ ቁመቴን ወሰደ። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ጻፈና እናቴን አያት። «እትዬ፣ የዚች ልጅ ክንድ ከቁመቷ በግማሽ ስንዝር ይበልጣል። ለእጅጌ ጨርቅ ይጨምሩ» አላት። እናቴ የተናደደችው በጨርቁ ዋጋ ነው።

ዛሬ ቁመቴ 181፣ ክንዴ ሲዘረጋ 194 ሳንቲ ሜትር ነው። የክንድ ርዝመት ለቁመት ተካፍሎ ከ1.05 ሲበልጥ ሐኪሞች እንደ አንድ ምልክት ይይዙታል፤ የእኔ 1.07 ነው። ልብስ ሰፊው ይህን ያየው በ1987 ዓ.ም. ነበር። ሐኪም ስሙን የነገረኝ በ1999 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለው 12 ዓመት፣ ልክ አሁን የልጄ ዕድሜ፣ በትምህርት ቤት ሜዳ ስዘል ያለፈ ነው።

በሽታውን ለሰው ለማስረዳት ብዙ ሞክሬ የተሳካልኝ በዚያው ልብስ ሰፊ ሙያ ቋንቋ ነው። ሰውነታችን ውስጥ አጥንቱን፣ የደም ሥሩን፣ የዓይኑን ሌንስ በየቦታው አያይዞ የሚይዝ መረብ አለ፤ አያያዥ ሕብረ ሕዋስ ይሉታል። ከመረቡ ክሮች አንዱ ፋይብሪሊን የተባለ ፕሮቲን ነው። ያንን ክር የሚያስፈትለው ዘረ መል 15ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው ያለው፤ ለማርፋን ምክንያቱ የእሱ ስህተት መሆኑ የተደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ክሩ ደካማ ሆኖ ሲፈተል፣ የጉርድ ላስቲክ እንደሚረግበው ሰውነት በየቦታው ይረግባል። እጅና እግር ይረዝማል፣ ጣት ይቀጥናል፣ ደረት ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል ወይም ይወጣል፣ አከርካሪ ይጣመማል፣ የዓይን ሌንስ ከቦታው ይንሸራተታል። በሽታው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ውስጥ ጣቶቿ እንደ ሸረሪት እግር የረዘሙ የአምስት ዓመት ልጅ ከገለጸው ከሐኪሙ ከአንቷን ማርፋን ነው። (የሚገርመው፣ ያቺ ልጅ የነበረባት ሌላ ተቀራራቢ በሽታ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሐኪሞች ዛሬ ብዙ ናቸው። ስሙ ግን ጸንቶ ቀረ።)

ይህ ሁሉ ሰው አይገድልም። የሚገድለው አኦርታ ነው፤ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ትመታለች፤ በመታች ቁጥር አኦርታ ይለጠጣል፣ ይመለሳል። የእኛ ሲለጠጥ ወደ ነበረበት ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ዓመት በዓመት እየሰፋ፣ ግድግዳው እየሳሳ ይሄዳል። አሮጌ ኮት ስትለብሱ እጃችሁ በእጅጌው መውጣቱን ትቶ፣ በተተረተረው ገበርና በጨርቁ መካከል ገብቶባችሁ ያውቃል? ደሙም አንድ ቀን እንደዚያ ያደርጋል። የቧንቧው ገበር ይተረተርና ደሙ በገበሩና በጨርቁ መካከል መንገድ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው በሰዓት የሚቆጠር ነው። ቅዳጁ ከልብ አጠገብ ከሆነና በቀዶ ሕክምና ካልተደረሰለት፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከ100 ሕሙማን በየሰዓቱ አንድ ወይም ሁለት ይሞታሉ።

ስለ አባቴ ልናገር። የሞተው በ1983 ዓ.ም. ነው፤ 39 ዓመቱ ነበር። መንግሥት የተለወጠበት ግንቦት ነው፤ በወሩ ማለቂያ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ቤቱ ሁሉ የተናወጠበት። ከፍንዳታው በሦስተኛው ቀን አባቴ «በትከሻዎቼ መሃል እንደ ቢላ ቀደደኝ» ብሎ ተቀመጠ። ክሊኒክ ወሰዱት። «ጨጓራ ነው» ተብሎ በጠርሙስ የሚጠጣ ነጭ መድኃኒት ሰጥተውት ተመለሰ። ሲነጋ አልነቃም። ለቅሶ ላይ የመጣ ሁሉ «ድንጋጤ ነው የገደለው» አለ። ድንኳኑ ጥግ የተቀመጡት ደግሞ ታላቅ ወንድሙ በ36 ዓመቱ አውድማ ላይ ወድቆ መቅረቱን እያስታወሱ «የእነሱ ቤት ወንድ አርባን አይሻገርም» ይሉ ነበር። አሁን ሳስበው ሁለቱም ወገኖች ጨርሰው አልተሳሳቱም። በድንጋጤ የደም ግፊት ሲያሻቅብ የሳሳ አኦርታ ሊቀደድ ይችላል። ያንን የሳሳ አኦርታ ደግሞ ወንድማማቾቹ ከአንድ ወላጅ ወርሰውት ይሆናል።

የድሃ አገር ጉዳይ ነው እንዳትሉኝ። «ሬንት» የተባለውን ሙዚቃዊ ቴአትር የደረሰው አሜሪካዊ ጆናታን ላርሰን፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ደረቱን አሞት ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት ሆስፒታል ሄዶ ከሁለቱም ወደ ቤቱ ተመልሷል። ቴአትሩ ለተመልካች መታየት በሚጀምርበት ቀን ንጋት ላይ አኦርታው ተቀዶ ሞተ። 35 ዓመቱ ነበር። እሱም ማርፋን ሳይኖርበት አልቀረም።

የእኔ ታሪክ ከዚያ የተሻለ ዕድል ያለው ነው፤ ግን በአቋራጭ አልመጣም። 15 ዓመቴ ላይ ልምምድ ስጨርስ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። አንድ ክሊኒክ ልቤን አዳምጠው «ድምፅ አለው፣ ሩማቲክ ነው» አሉና በየ28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌ አዘዙልኝ። ሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ስንት ልጅ እንደሚጎዳ ለምታውቁት ለእናንተ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ እሱን ማሰቡ አያስገርማችሁም። እኔንም አያስገርመኝም። የሚያስገርመኝ መርፌውን እየወጉኝ ኳሱን ተዪ ያለኝ ሰው አለመኖሩ ነው። አምስት ዓመት ተወጋሁ። ድምፁን የሚያሰማው ቫልቭ ግን የላላው እንደ ሌላው አካሌ ሁሉ በደካማ ክር ምክንያት ነበር።

ያወቁልኝ የዓይን ሐኪም ናቸው። መነጽሬ በየስድስት ወሩ ሲለወጥ አልጥም ብሏቸው ጠብታ ጨምረው ብሌኔን አሰፉና አዩ። ዝም አሉ። ቀጥለው «አውራ ጣትሽን ወደ ውስጥ አድርገሽ እጅሽን ጨብጪ» አሉኝ። ጨበጥኩ። የአውራ ጣቴ ጫፍ በትንሿ ጣቴ በኩል ወጥቶ ቆመ። «በሌላው እጅሽ አንጓሽን ያዥ» አሉ፤ አውራ ጣቴና ትንሿ ጣቴ አንጓዬን ዞረው ተደራረቡ። «ሌንስሽ ወደ ላይ ተንሸራትቷል። ይህ የዓይን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዛሬውኑ ልብሽን በኢኮ ታዪ።» በኢኮው፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንዱ፣ አኦርታዬ መነሻው ላይ 38 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ዛሬ 43 ነው። 50 ሲደርስ በቀዶ ሕክምና ይለወጣል፤ ቤተሰቡ ውስጥ የተቀደደበት ሰው ካለ ከዚያም ቀደም ይባላል።

ልጄን በ2005 ዓ.ም. የወለድኩት ይህን ሁሉ አውቄ ነው። በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ መሆኑን፣ የእናትየው አኦርታ ከ45 ሚሊ ሜትር ካለፈ እርግዝና እንደማይመከር፣ የእኔ ያኔ 39 እንደነበር ተነግሮኛል። በየወሩ በኢኮ እየታየሁ ወለድኩ። ልጁ ወረሰ። «ለምን ወለድሽው» ያለችኝ ዘመድ አለች፤ ለእሷ መልስ የለኝም፣ ልጁ ግን አለ፤ አሁን ጓዳ ገብቶ ዳቦ እየፈለገ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣ አንድ ጥናት የማርፋን ሕሙማን በአማካይ የሚሞቱት በ32 ዓመታቸው ነበር። ዛሬ ክትትል ያለው ሰው ዕድሜ ከማንም ሰው ዕድሜ እጅግ አያንስም። ይህን ልዩነት ያመጣው ውድ ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 608 ልጆችና ወጣቶች የተሳተፉበት ጥናት ሎሳርታን የተባለውን መድኃኒት ከአቴኖሎል ጋር አወዳድሮ፣ በአኦርታው መስፋት ፍጥነት ላይ ልዩነት አላገኘም። አቴኖሎል ማንኛውም የከተማ ፋርማሲ ያለው፣ ሽማግሌዎች ለግፊት የሚወስዱት የቆየ ክኒን ነው። እኔ ጠዋት ከቡና በፊት እውጠዋለሁ። መድኃኒቱ አለ፤ የጎደለው ለማን እንደሚገባ የሚያይ ዓይን ነው። ለጤና ሚኒስቴር በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና ወንድሞቹ አኦርታን ለመቀደድ ሊያጋልጡ ስለሚችሉ፣ ማርፋን ላለባቸው ሰዎች ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ እንዳይታዘዙ አስጠንቅቋል። እኛ ጋ ሲፕሮ ሆድ የቆረጠውና ታይፎይድ የተባለ ሁሉ የሚውጠው ነው። ለልጄ አንዴ በእጁ ሊሰጡት ሲሉ የደረስኩት እኔ ነኝ።

ወደ ስፖርቱ ልመለስ። ፍሎ ሃይማን ቁመቷ 196 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በዘመኗ በዓለም ላይ ከነበሩት የመረብ ኳስ አጥቂዎች አንደኛ ናት የተባለላት አሜሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ላይ ከቡድኗ ጋር የብር ሜዳሊያ ወሰደች። እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 1986 ጃፓን ውስጥ በውድድር መሃል ተቀይራ ወጣች፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ከወንበሩ ተንሸራትታ ወደቀች፤ አልተነሳችም። 31 ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ የልብ ድካም ነው ተባለ። ቤተሰቧ ሬሳዋ ይመርመር ብሎ ጠየቀ፤ አኦርታዋ ተቀዶ ተገኘ፤ ምክንያቱም ማርፋን። ከዚያ ወንድሟ ተመረመረ። እሱም ነበረበት፤ በቀዶ ሕክምና ዳነ። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ስለ ወንድሟ ነው። አባቴ ሲሞት አንድ ሰው ለምን ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ የ9 ዓመቷ ልጁ መርፌውንም ሜዳውንም ባላየች ነበር።

ከዚያ ከ28 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ አይዛያ ኦስቲን የተባለ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የአሜሪካ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋች ሊመርጡ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በጤና ምርመራ ማርፋን ተገኘበትና ከዝርዝሩ ወጣ። አለቀሰ ይባላል፤ ያልቅስ፣ በሕይወት ነው ያለቀሰው። ሳልደብቅ ልናገር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሐኪሞቹ ፈቅደውለት በሌሎች አገሮች ተጫውቷል። በሽታው በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይከፋም። ለዚህም ነው የምጠይቀው ክልከላ ያልሆነው።

የምጠይቀው ይህን ነው። ማንኛውም ፕሮጀክት፣ ክለብ ወይም ትምህርት ቤት ልጅን በቁመቱ ሲመርጥ፣ በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ጥቂት መስመሮች ይጨመሩ። ክንዱ ተዘርግቶ ይለካ። እጁን ይጨብጥ። መነጽሩ ወፍራም ነው ወይ? ደረቱ ጎድጓዳ ነው ወይ? ጀርባው ይጣመማል ወይ? ከወላጆቹ ወይም ከአጎት ከአክስቶቹ ሳይታሰብ በወጣትነቱ የሞተ አለ ወይ? ይህን ለማወቅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የስፖርት መምህራንን ለማስተማርም ግማሽ ቀን ይበቃል። ሜትሩ ብቻውን አይፈርድም። የብዙ ኢትዮጵያዊ ክንድ በተፈጥሮው ከቁመቱ በመጠኑ ይረዝማል፤ አብዛኛው ረጅም ልጅም ሙሉ ጤነኛ ነው፤ ይዝለል። ምልክቱ ሲደራረብ ግን ያ ልጅ አንድ ጊዜ በኢኮ ይታይ። ኢኮ በየጤና ጣቢያው እንደሌለ አውቃለሁ። በደርዘን ከሚመረጡት አንድ ቢላክ ነው፤ ለዚያ ለአንዱ ሪፈራል የሚጽፍ ሰው ይኑር። በሽታው በየትም አገር ሕዝብ ውስጥ ከ5,000 ሰው በአንዱ ላይ ገደማ ይገኛል፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ በሆነው ሕዝባችን ሲሰላ ከ20,000 በላይ ሰው ማለት ነው። ረጃጅሞቹ ልጆቻቸው የት ይገኛሉ ብትሉ፣ መረቡ ስርና ቅርጫቱ ስር ፈልጉ። ሰርከስ የሚያሠለጥኑም ይስሙኝ፤ «አጥንት የላትም» እየተባለ የሚጨበጨብላት፣ ክንዷን ወደ ኋላ የምታጥፍ ልጅ አለች። አብዛኞቹ ደህና ናቸው፤ አንዳንዷ ግን ኤህለርስ ዳንሎስ የሚባል የዚሁ የማርፋን ዘመድ በሽታ ይኖርባታል። ከአሥር በላይ ዓይነት አለው፤ አንዱ ዓይነት እንደ ማርፋን የደም ቧንቧ ይቀድዳል።

እኛ ራሳችንም ከወቀሳ አናመልጥም። ለጋብቻ ሲሆን ሰባት ቤት ድረስ እንቆጥራለን፤ ማን ከማን እንደተወለደ ሳይነግረን የሚሞት ሽማግሌ የለም። የዚያኑ ያህል በምን እንደሞቱ አንቆጥርም። «ተቀጨ»፣ «ምች መታው»፣ «ዓይን በላው» ብለን ድንኳኑን እንነቅላለን። የቆጠረ ሰው ደግሞ ይደብቃል። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ መሆኑን የሰማችው አክስቴ «ስምሽን እንዳትጽፊ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጆች አሉን» አለችኝ። ተቆጣሁ፤ ቀጥሎ ልጆቿን አሰብኩ። አላገቡም። አልተመረመሩምም። ስሜን አልጻፍኩም፤ በምትኩ ሁለቱን ልጆቿን በሚቀጥለው ሳምንት ይዣቸው እንድሄድ አስምያታለሁ።

ልጄ ትናንት ማታ ዕቃ ሳጥብ ከኋላዬ ቆሞ «እማ፣ እጄ ባይረዝም ኖሮ ያጫውቱኝ ነበር?» አለኝ። «እጅህ ባይረዝም መች ይመርጡህ ነበር» አልኩት። ትንሽ አስቦ ሳቀ። ከዚያ ሐኪሙ የፈቀዱለትን ቆጠረልኝ፤ እያወራ የሚሄደው እርምጃ፣ በቀስታ የሚነዳ ብስክሌት፣ ውድድር የሌለበት ዋና። ቅርጫት ላይ ብቻውን ቆሞ መጣልስ? ሳይሮጥ? እሱን ሐኪሙን መጠየቅ አለብን አልኩት። «ውጤት ለመያዝ ግን ማንንም አልጠይቅም» አለ፤ ፊሽካ ይገዛልኝም አለ። የውጤት መዝጋቢ ፊሽካ እንደማያስፈልገው ላስረዳው ብሞክርም አልተቀበለኝም።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት እናት፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለልጄ የስፖርት መምህር

አባሪ፦
ያልተፈረመ የፈቃድ ወረቀት 1 ገጽ
የልብስ ሰፊ ሜትር 1